ዊንዶውስ 10 ላይ ልቆይ ወይስ ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ በየቢሮው፣ በየቴሌግራም ግሩፑ፣ በየላፕቶፕ ጥገና ቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። አፕግሬድ ላድርግ ወይስ ይቅር? አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ማሽናችሁ የሚችል ከሆነ አድርጉ። የማይችል ከሆነ ደግሞ ደንግጣችሁ ላፕቶፕ ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ፣ ሌላ መንገድ አለ። ዝርዝሩ ከታች ነው፤ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም፣ የእናንተን ጥያቄ ፈልጉ።

ዊንዶውስ 10 አበቃለት ሲባል ኮምፒውተሬ መሥራት ያቆማል ማለት ነው?

አያቆምም። ትናንት እንደሠራው ዛሬም ይሠራል። ወርድ ይከፈታል፣ ክሮም ይሠራል፣ ፊልም ይታያል። የተቀየረው ከጀርባ ያለው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣውን ይህን ሲስተም አሥር ዓመት ደግፎ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ለሁሉም በነጻ ይልከው የነበረውን የሴኩሪቲ አፕዴት አቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ዝም ብሎ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

"እኔን ደግሞ ማን ይፈልገኛል?" የሚል አይጠፋም። ማንም አይፈልጋችሁም፤ ችግሩም እሱ ነው። የሚያጠቃው ፕሮግራም ስማችሁን አያውቅም፣ ቀዳዳው ያለበትን ማሽን ሁሉ እየፈተሸ ይገባል እንጂ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በብዛት የተመቱት አፕዴቱን ሳይጭኑ የቆዩት ናቸው። አሁን ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ሰው ካልተመዘገበ በቀር (ስለምዝገባው ቀጥሎ አለ) መጫን ቢፈልግም የሚመጣለት ነገር የለም። ይባስ ብሎ 10 እና 11 ብዙ የሚጋሩት ኮድ አለ። ለ11 በየወሩ የሚወጣው አፕዴት 10 ላይ የት የት መፈለግ እንዳለባቸው ለአጥቂዎቹ ይጠቁማቸዋል።

እኛ ሀገር ደግሞ መንገዱ ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ፍላሻችሁን ፕሪንት ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠብቀዋችሁ አያውቁም? ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዊንዶውስ 10 ላይም የቫይረስ ዝርዝሩን እስከ ኦክቶበር 2028 ማደሱን ይቀጥላል። ጥሩ ነው፣ አትዝጉት። ግን በር ላይ ዘበኛ ማቆም የተሰበረ መስኮት አይጠግንም።

ትንሽ ጊዜ መግዛት አይቻልም?

ይቻላል፣ ያውም በነጻ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ተጨማሪ የሴኩሪቲ አፕዴት የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፣ ኢኤስዩ ይሉታል። ዊንዶውስ 10ን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ይሸፍናል። ዋጋው 30 ዶላር ነው ይላሉ፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ 30 ዶላር በካርድ መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ እሱን ተዉት። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ እንዲያደርግ ከፈቀዳችሁ ያለ ክፍያ ያስመዘግባችኋል።

ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ግቡ። "ኢንሮል ናው" የሚል ሊንክ በቀኝ በኩል ወይም ከአፕዴት ቁልፉ ሥር ታገኛላችሁ። ካልመጣላችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዊንዶውስ 10ው ራሱ የቆየ መሆኑ ነው። 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው ዕትም መሆን አለበት። አፕዴት ዘግታችሁ ለዓመታት የቆያችሁ (ታውቃላችሁ እናንተ) መጀመሪያ ወደዚያ መድረስ አለባችሁ።

ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያንና ሌሎች የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ያላችሁ ደግሞ ባክአፕ ማድረግም አይጠበቅባችሁም፣ በአካውንት መግባት ይበቃል። እንግሊዝ ያላችሁ በዚህ ውስጥ የላችሁም።

ይህ መንገድ ለግል ኮምፒውተር ነው። በዶሜይን፣ ማለትም ከአንድ ማዕከል በሚታዘዝ ኔትወርክ፣ የተያያዙ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በዚህ አይገቡም። ለእነሱ ያለው በማሽን 61 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት አያዋጣም።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 እንደሚችል በምን አውቃለሁ?

"ኮር አይ7 ነው እኮ!" የሚለው መልስ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ወሳኙ አይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 መሆኑ ሳይሆን ጀነሬሽኑ ነው። 4ኛ ጀነሬሽን የሆነ አይ7 ወድቆ 8ኛ ጀነሬሽን የሆነ አይ3 ያልፋል።

ጀነሬሽኑን ለማወቅ ዲስ ፒሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ በሉ። ፕሮሰሰር የሚለው መስመር ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-6300ዩ ካለ 6ኛ ነው። አይ5-8350ዩ ካለ 8ኛ ነው። አይ5-10210ዩ ካለ ደግሞ 10ኛ ነው፣ 1ኛ አይደለም። ለኢንቴል መስመሩ የተሰመረው 8ኛ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ከጥቂቶች በቀር አያልፉም። ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 3000 እና ከዚያ በላይ ብዙም አያሳስብም። 2000ዎቹ ላይ ግን አንዱ ያልፋል አንዱ ይወድቃል፣ ስለዚህ በእጅ ማጣራት ይሻላል።

ገበያ ላይ በብዛት በሚታዩት ዩዝድ ላፕቶፖች ስንነጋገር፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ፣ ጂ4 ደግሞ 7ኛ ስለሆኑ አያልፉም። ጂ5 ላይ ነገሩ ይለወጣል። ዴል ላቲትዩድ 7490ም ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ም በአብዛኛው 8ኛ ናቸው። "በአብዛኛው" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሦስቱም ሞዴሎች በ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር የተሸጡ አሏቸው፣ አይ5-7300ዩ የሚል። ውጪው አንድ ነው፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን አያልፍም። ሻጩ "ቲ480 ነው" ስላለ ብቻ ብር አትቁጠሩ። ከፍታችሁ ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብቡ።

ከፕሮሰሰሩ ሌላ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ሴኪዩር ቡት የሚባል የባዮስ ሴቲንግ (ባዮስ ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ነው) ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከመፈለግ ማይክሮሶፍት ያወጣውን ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ አንዴ ጠቅ ብታደርጉት ይነግራችኋል፤ የወደቀበትንም ነገር ለይቶ ያሳያል።

8ኛ ጀነሬሽን ሆኖ እያለ "አይችልም" ይለኛል። ለምን?

ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ማሽኑ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ፎርማት ያደረገው ሰው ጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስክ የሚዘጋጅበት ሁለት መንገድ አለ፣ የድሮው ኤምቢአር እና አዲሱ ጂፒቲ። ባዮሱም የሚነሳበት ሁለት መንገድ አለ፣ የድሮው ሌጋሲ እና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ብዙ ፎርማት ቤቶች አንዷን የቆየች ፍላሽ ለሁሉም ላፕቶፕ ስለሚጠቀሙባት፣ ያቺ ፍላሽ ደግሞ በሌጋሲ ብቻ የምትነሳ ስለሆነች፣ ገና ሲገባ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ይገለብጡና ዊንዶውስ 10ን ጭነው "አለቀ" ብለው ይሰጧችኋል። ሴኪዩር ቡት አብሮ ተዘግቷል። ማሽኑ ግን የሚችል ማሽን ነው።

ለመመለስ ፎርማት ማድረግ የግድ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል ኮማንድ አብሮ አለ፤ ፋይል ሳያጠፋ ዲስኩን ይቀይራል። መጀመሪያ በማረጋገጫ መልኩ ታስኬዱታላችሁ፣ እሺ ካለ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ዩኢኤፍአይ እና ሴኪዩር ቡትን ታበራላችሁ። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት፤ ዲስኩ ሳይቀየር ባዮሱን ብቻ ከቀየራችሁ ዊንዶውሱ አይነሳም። ቢሆንባችሁም አትደንግጡ፣ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ስትመልሱት ይመለሳል።

የወደቀው ቲፒኤም ላይ ከሆነ እዚያው ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማብራት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስትነኩ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጥሩ፣ አያሳፍርም። ባክአፕ ግን ከዚያ በፊት።

ይችላል ብሎኛል። ግን አይከብደውም?

ሀርዱን ንገሩኝና እነግራችኋለሁ። ድሮ የምናውቀው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ አዎ፣ ይከብደዋል። ሲከፈት ሻይ አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ታስክ ማናጀር ብትከፍቱ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይሰማችሁም።

4 ጊጋ ራም በወረቀት ደረጃ ይፈቀዳል። በተግባር ክሮም ላይ ጥቂት ታብ ከፍታችሁ ቴሌግራም ስትጨምሩበት ትንፋሽ ያጥረዋል። 8 ጊጋ ይሁን። ለአፕግሬድ የያዛችሁት ትንሽ ብር ካለ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ራም ግዙበት። ዊንዶውስ 10 ላይ ለመቆየት የወሰናችሁም ብትሆኑ መልሴ ያው ነው።

ስንት ዳታ ይበላል? መብራት ቢጠፋስ?

የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ ካወረዳችሁት ፓኬጃችሁን ጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ አይኤስኦውን (የመጫኛ ፋይሉን) አውርዱና በፍላሽ ይዛችሁ ዙሩ፤ ቤት ውስጥ ላሉትም፣ ለጎረቤትም፣ ለቢሮም ያው ፋይል ይሠራል። ወይም የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኙ። ማይክሮሶፍት ራሱ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አለው፣ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል፤ ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ይፈልጋል፣ ፍላሹ ላይ ያለውንም ጠርጎ ያጠፋል። ቴሌግራም ላይ "የቀለለ፣ የተስተካከለ ዊንዶውስ 11" እያሉ የሚለጥፉትን አትንኩ። ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

እስክትወስኑ ድረስ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ እያወረደ ዳታ እንዳይጨርስባችሁ ዋይፋዩን ወይም ሆትስፖቱን "ሜትርድ ኮኔክሽን" አድርጉት።

መብራትን በተመለከተ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ጀምሩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ማለት ዴስክቶፕ ማለት ነው፣ እንደዚያው አስቡት። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ከሆነ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት (ሠፈራችሁን እናንተ ታውቃላችሁ) ጀምሩ። አፕግሬዱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ ነበረበት ይመልሳል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ባዮስ አፕዴት ስታደርጉ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል፣ እዚያ ላይ ቀልድ የለም።

ፋይሎቼ ይጠፋሉ?

አፕግሬድ እና ፎርማት ይለያያሉ። ዊንዶውስ 10 ክፍት ሆኖ እያለ ውስጡ ሆናችሁ ሴትአፑን ከጀመራችሁትና ፋይሎችንም ፕሮግራሞችንም አቆይ የሚለውን ከመረጣችሁ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ከፍላሽ አስነስታችሁ ከዜሮ ከጫናችሁት ያ ፎርማት ነው።

ፎርማት ቤት ስትሄዱ "ሲ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም" ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። ዲ ብዙ ጊዜ ሌላ ዲስክ ሳይሆን ያው ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) በሙሉ ካጠፋ ዲም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሰው ፋይሉን ዲ ላይ አስቀምጫለሁ ብሎ ያስባል እንጂ የልጁ ሠርግ ፎቶ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ዳውንሎድስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ሲ ናቸው። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ኤክስተርናል ሀርድ ላይ ገልብጡ። ከዚያም ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የተወሰኑትን ከፍታችሁ እዩ።

አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ ካልተመቻችሁ 10 ቀን አላችሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ "ጎ ባክ" የሚል ቁልፍ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመልሳችኋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሲ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ትልቅ ፎልደር "ቦታ ያዘብኝ" ብላችሁ አታጥፉት። መመለሻችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፣ ብዙ ሰው እያስለቀሰ ስለሆነ። አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ከዜሮ ተጭነው በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ዲስኩን ሳይጠይቁ ይቆልፉታል። ቢትሎከር ነው። ጥቅሙ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይላችሁን አለማየቱ ነው። ጉዳቱ ባዮስ ላይ የሆነ ነገር ሲቀየር ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ መጠየቁ ነው። ቁልፉ ያለው ዊንዶውሱ ሲጫን በገባው አካውንት ውስጥ ነው። እና ያ አካውንት የማን ነው? ፎርማት ያደረገላችሁ ልጅ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ከሆነ የፋይላችሁ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። በራሳችሁ አካውንት ግቡ፣ ፓስወርዱን አትርሱ፣ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ፒችትሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ፕሪንተሬስ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። እንጀራችሁ በአንድ ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ከዊንዶውሱ በፊት የእሱ ጉዳይ ይለቅ።

ፒችትሪ የሒሳብ ባለሙያው ሁሉ መሣሪያ ነው፤ ኩባንያው ስሙን ሴጅ 50 ካለው ስንት ዓመቱ፣ እኛ ግን አሁንም በድሮው ዕትም ላይ ነን። የድሮዎቹ ዕትሞች ዊንዶውስ 11 ከመታሰቡ በፊት የተሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ጋ ይነሳል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከሥር ያለው ፐርቫሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ እምቢ ይላል። በወር መዝጊያ ሳምንት አትሞክሩት። ከራሱ ከፒችትሪ ፋይል ሜኑ ባክአፕ ውሰዱ፣ መጫኛውና ሲሪያሉ እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ በሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ። ካልሠራ አንዱን ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለፒችትሪ ብቻ ማስቀመጥ ያስኬዳል። ፍላሽ ግን እንደፈለገ አይሰካበትም።

የአማርኛ ነገር፦ አፕግሬድ ካደረጋችሁ ፎንቶቻችሁ አብረው ይቆያሉ። ፎርማት ካደረጋችሁ ግን በፓወር ግዕዝና በሌሎች የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የፎንት ፎልደሩን ገልብጡ። በኒያላ የተጻፈውም መልኩ ሊቀየርባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ኒያላ አሁን ከዊንዶውስ ጋር ቀጥታ አይመጣም። ሴቲንግስ ውስጥ አማርኛን እንደ ቋንቋ ስትጨምሩ ወይም ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ስትጭኑ ይመለሳል። ለመጻፍ የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ካልለመዳችሁት ኪይማን ዊንዶውስ 11 ላይም ይሠራል።

ፕሪንተር፣ ስካነር፣ የአሻራ ማሽን ያላችሁ ከአምራቹ ዌብሳይት ላይ ለዊንዶውስ 11 የሚሆን ድራይቨር መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ 10 64 ቢት ድራይቨር ይሠራል። አሁን ያለው ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ከሆነ ግን ቀጥታ አፕግሬድ የለም፣ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ነው የሚመጣው።

ዊንዶውሴ ክራክ ነው። ምን ይሻለኛል?

አልፈርድባችሁም፣ ግማሽ ሀገር እንደዚያው ነው። አፕግሬድ ቢደረግም ክራኩ ክራክ ሆኖ ይቀራል፣ ሕጋዊ አይሆንም። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዊንዶውስ 8 ወይም 10 ተጭኖበት ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ የራሱ ሕጋዊ ቁልፍ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ሊኖር ይችላል። ከውጭ የሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህ ቁልፍ አላቸው። ፎርማት ቤቱ የሌላ ዕትም ስለጫነ፣ ለምሳሌ ቁልፉ የፕሮ ሆኖ ኢንተርፕራይዝ ስለጫነ፣ ቁልፉ አልገጠመውም፤ ከዚያ አክቲቬተር ለቀቀበት። የዊንዶውስ 10 ቁልፍ ያለው ማሽን ላይ ትክክለኛው ዕትም ከተጫነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። የ7 እና የ8 ቁልፎችን ግን ማይክሮሶፍት ከ2023 ወዲህ ለአዲስ ጭነት አይቀበልም።

አክቲቬተር ለማስኬድ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላችኋል አይደል? እስቲ ለምን እንደሆነ አስቡት።

የማይችል ማሽን ላይ በግድ መጫንስ?

ይጫናል። ሩፎስ የሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ የቲፒኤሙን ፍተሻ ዘሎ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ማይክሮሶፍት በዚህ መንገድ ለተጫነ ማሽን አፕዴት እንደሚቀጥል ቃል አይገባም። በተግባር ወርሃዊው አፕዴት ይመጣል፣ በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ግን በራሱ ስለማይመጣ እንደገና በእጅ መጫን አለባችሁ። 6ኛ እና 7ኛ ጀነሬሽን ላይ፣ ኤስኤስዲ ካለው፣ ማሽኑን ራሱ የሚያስተካክል ሰው ቢያደርገው አልከለክልም። ለእናታችሁ ኮምፒውተር ወይም ደመወዝ ለሚሠራበት ማሽን አይሆንም። በጣም የቆዩት፣ ኮር ቱ ዱኦ የሚባሉት ላይ ደግሞ ከ24ኤች2 ወዲህ ያሉት ዕትሞች ጭራሽ አይነሱም።

ይህ መንገድ ያመጣው ሌላ ጣጣ ገበያ ላይ ነው። ሻጮች 4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 በግድ ጭነው "ዊንዶውስ 11 ያለው" ብለው ዋጋ ይጨምሩበታል። የስክሪኑን ማማር ትታችሁ ፕሮሰሰሩን አንብቡ።

ሊኑክስስ ያዋጣል?

ሥራችሁ ብራውዘር፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ፊልምና ቀላል ጽሑፍ ከሆነ በደንብ። ሊኑክስ ሚንት ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ይቀላል፣ ነጻ ነው፣ 22ኛው ዕትሙ እስከ 2029 ድጋፍ አለው። 4ኛ እና 5ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ማሽኑ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ አማርኛ መጻፊያው መሥራቱን እዩ። ፒችትሪ፣ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ የምትሉ ግን አትድከሙ።

ማክ ነው ያለኝ።

በኢንቴል ፕሮሰሰር የተሠሩት ላይ በ2025 የወጣው ታሆ የሚባለው የማክ ሲስተም የመጨረሻው ነው፣ እሱንም የሚቀበሉት የ2019 እና የ2020 ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ናቸው። ኤም1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አፕግሬድ አድርጉ።

እኔ ገና ዊንዶውስ 7 ላይ ነኝ።

የእሱ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 ነው ያበቃው፣ ክሮምም ከ2023 ጀምሮ አዲስ ዕትም አይሰጠውም። ከ7 ወደ 11 ፋይልና ፕሮግራም ይዞ መሻገር አይቻልም፣ ከዜሮ ነው። ማሽኑ የዚያን ዘመን ከሆነ የሊኑክሱን መልስ አንብቡ። የባንክ ሥራ ግን በእሱ ላይ አትሥሩ፣ እባካችሁ።

ቢሮ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር አለን። ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንቀይር?

አይሆንም። ዝርዝር ሥሩ፤ የትኛው ማሽን ስንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ኤስኤስዲ አለው ወይ፣ ማን ምን ፕሮግራም ይሠራበታል። ከዚያ ከሒሳብ ክፍል ያልሆነ አንድ ማሽን መርጣችሁ አፕግሬድ አድርጉና አንድ ወር ሥራ ይሠራበት። የጋራ ፕሪንተሩ፣ ሼርድ ፎልደሩ፣ የድሮው ፕሮግራም ሁሉም ይፈተኑበት። ደኅና ከሆነ የሚችሉትን ተራ በተራ አስከትሉ፣ የሒሳብ ክፍሉን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ዓመት ተዘግቶ ኦዲተሩ ከወጣ በኋላ። የማይችሉት ማሽኖች ላይ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ካለ መጀመሪያ የሚተኩት እነሱ ናቸው፤ ለጽሑፍ ብቻ የሚያገለግሉት ከኢንተርኔት ተነቅለው ወይም ሊኑክስ ተጭኖባቸው በጀት እስኪመጣ መቆየት ይችላሉ።